የፊባን አቤቱታ ፍለጋ ወደ አርሊንግተን

ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከዳላስ ስነሳ የዕረፍት ቀኔ ነበር። ሥራዬ ቤት ለቤት እየሄዱ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። የዚያን ቀን ግን ከምንከባከባቸው አንዷን፣ ሚስስ አይሪንን፣ አርሊንግተን ላደርሳቸው ቃል ገብቼ ነበር። ሚስስ አይሪን ጃማይካ ተወልደው ያደጉ፣ ሰማንያ ስድስት ዓመት የሞላቸው ጡረተኛ አስተማሪ ናቸው። ዓይናቸው ከወር ወር እየደከመ ነው። የአያታቸው አያት ፊባ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ዘመን ጌታዋን ዳኛ ፊት ከሳለች እየተባለ በቤተሰባቸው ሲወራ ኖሯል። አንዳንዱ ያምናል፣ አንዳንዱ ተረት ነው ይላል። የዚያ ዳኛ መዝገብ ገጽ በገጽ ፎቶ የተነሳበት የማይክሮፊልም ጥቅል ከሌላ ስቴት በውሰት አርሊንግተን ወዳለ ቤተ መጻሕፍት መጥቷል፤ አርብ ደግሞ ይመለሳል። ስለዚህ ያለን ቀን ሐሙስ ብቻ ነበር።

ማኪኒ፣ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል

በሰባ አምስት ሃይዌይ ወደ ሰሜን ስነዳ የእኔ መስመር ክፍት ነበር፤ ወደ ዳላስ የሚመጣው መኪና ግን ተደርድሮ ቆሟል። ያ ሰልፍ ወደ አርሊንግተን ስንወርድ እንደሚጠብቀን አውቄ ተነፈስኩ። ሚስስ አይሪን የቤተ ክርስቲያን ባርኔጣቸውን አድርገው፣ የተጠበሰ ፕላንቴን፣ ያንን ትልቁን ሙዝ፣ በፎይል ጠቅልለው ቤታቸው በር ላይ ቆመዋል።

“ዘገየሽ” አሉኝ።

“አምስት ደቂቃ ቀድሜ ነው የመጣሁት።”

“እኔ ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ለብሼ ተቀምጫለሁ።”

መንገድ ላይ አስተማሪነታቸው ተመለሰ። “ባርነት ቀረ የሚለው ሕግ ሲወጣ ሰው ሁሉ በማግስቱ ነጻ የወጣ ይመስልሻል?” አሉኝ። “መንግሥት ‘ተለማማጅ’ የሚል አዲስ ስም ሰጣቸው። ለዚያው ጌታ፣ በዚያው እርሻ፣ አብዛኛውን ሳምንት ያለ ደመወዝ ለዓመታት እንዲሠሩ። ካሳ የተከፈለው ለጌቶቹ ነው። ለተለማማጆቹ ደግሞ አቤቱታ የሚሰማ ዳኛ ከእንግሊዝ ተላከ። ከዳኞቹ ብዙዎቹ ግን ሲመሽባቸው የሚያድሩት ጌታው ቤት ነበር።”

ቀጥለውም “እናንተስ አገር ባሪያ ነበር?” ብለው ጠየቁኝ።

“ነበር።”

“እናንተስ ቤት?”

ከባድ መኪና አጠገባችን ሲያልፍ መሪውን አጥብቄ ያዝኩ። በአያቴ ቤት ‘የቤት ልጅ’ የምትባል አንዲት ሴት ነበረች። እናቴን አዝላ ያሳደገቻት እሷ ናት። ይህን ነገርኳቸው።

“ስሟ ማን ነበር?”

“አላውቅም።”

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። አፈርኩ፤ ከዚያ በላይ ደግሞ እስከዚያ ቀን ጠይቄ አለማወቄ አስደነገጠኝ።

አርሊንግተን፣ አራት ሰዓት

ትልቁን ስታዲየም አልፈን ስምንት ዶላር ከፍለን ፓርክ አደረግን። በባቡር እንምጣ ብንል እንኳ ወደዚህ የሚያደርስ የለም። ከፓርኪንጉ እስከ ቤተ መጻሕፍቱ በዎከራቸው እየተደገፉ ሃያ ደቂቃ ፈጀብን፤ ሙቀቱ ከአስፋልቱ ይነሳል። ዊልቸር ላምጣ ብል እምቢ አሉ።

የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ጎልማሳ፣ ፊልሙን ማሽኑ ላይ ጠመጠመልን። ጽሕፈቱ የእጅ ነው፤ ቀለሙ ፈዟል። ሚስስ አይሪን ማየት ስለማይችሉ በፒ የሚጀምሩትን ስሞች ብቻ እየለቀምኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ አነበብኩላቸው። እስከ ስድስት ሰዓት ፊባ የለችም። ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ፕላንቴኑን በልተን ተመለስን። እስከ ስምንት ሰዓትም የለችም። ፊልሙ ሊያልቅ ነው።

“ተረት ነው ያሉት እህቶቼ ልክ ነበሩ ማለት ነው” አሉ።

ሠራተኛው ሰማቸው። “ስሟን በምን ፊደል ነው የፈለጋችሁት?” አለ። “በፒ ኤች” አልኩት። “በኤፍም ሞክሩት። የዳኛው ጸሐፊ እንደሰማው ነው የሚጽፈው።”

ከመጀመሪያው ጀመርን። ዘጠኝ ተኩል ላይ በኤፍ የተጻፈች ፊባ ወጣች፤ እርሻውም ሚስስ አይሪን ከቤተሰባቸው ሲሰሙት የኖሩት እርሻ ነው። ጡት ለምትጠባ ልጄ ማጥቢያ ጊዜ ከለከሉኝ ብላ ከሳለች። የሚቀጥለውን መስመር ሳየው ማንበቤን አቆምኩ።

“አንብቢ።”

“ሚስስ አይሪን...”

“አንብቢ አልኩሽ! እሷ ችላዋለች፣ እኔ መስማት ያቅተኛል?”

አነበብኩት። ዳኛው ክሱን ጥሎ፣ ሥራ አስፈትታለች በሚል ሰባት ቀን እስር ፈርዶባታል፤ እስረኞች እየረገጡ የሚያዞሩትን መንኮራኩር እንድትረግጥ። ፊልሙን ወደ ቀጣዩ ገጽ አዞርኩ። ከእስር በወጣች በሳምንቱ ያንኑ ክስ ይዛ ተመልሳለች። ምስክር የለሽም ብሎ መለሳት። ለሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ ከዚያው እርሻ አራት ሴቶች አስከትላለች። የዚያን ቀን ዳኛው ለልጇ ጊዜ ይሰጣት ብሎ ወሰነ።

ሚስስ አይሪን ደጋግሜ እንዳነብ አደረጉኝ። ከዚያ ጣታቸውን የማሽኑ መስታወት ላይ አሳርፈው “ያቺ ሕፃን የአያቴ እናት ናት” አሉ። ሠራተኛው ገጾቹን አትሞ ሰጣቸው።

መልስ

ማኪኒ በራቸው ላይ ሳወርዳቸው ወረቀቱን ደረታቸው ላይ ይዘው “አሁን ተራው ያንቺ ነው” አሉኝ።

ዳላስ ቤቴ ስደርስ እናቴ ሳሎን ተቀምጣ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች። “ሦስት ጊዜ ኮል አደረግኩልሽ፣ ስልክ አታነሺም?” አለችኝ። ጫማዬን ሳላወልቅ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

“እማዬ፣ አዝላ ያሳደገችሽ ሴትዮ ስሟ ማን ነበር?”

“ምን አመጣው አሁን? የሞተ ሰው ምን አደረገሽ?”

“ዛሬ ካልነገርሽኝ ማን ይነግረኛል?”

ቢላዋውን አስቀመጠች። “ባርነት ቀረ የሚለው አዋጅ ወጥቶ ነጻ ነሽ ተብላ ነበር አሉ። መሄጃ ስታጣ እዚያው ማድ ቤት ቀረች። አባቴ ደስታ ብሎ ስም አወጣላት። ለብቻችን ስንሆን ግን ‘እኔ ቢፍቱ ነኝ’ ትለኝ ነበር። ለማንም እንዳልናገር አስምላኝ።” የላጠችውን ነጭ ሽንኩርት ገፋ አደረገችው። “ሞታም አላወጣሁት።”

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይህን ነው፦ መንግሥት አዋጁን በአንድ ቀን ያውጃል፤ አዋጁ ማድ ቤት ድረስ እንዲደርስ ግን የሚመላለስ ሰው ይፈልጋል። ፊባ ራሷ ተመላለሰች። ቢፍቱን የጠየቃትም የለ።

እናቴ ተነስታ እጇን ታጠበችና ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አወጣች፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ለጸሎት የምትሰጠው የሙታን ስም ዝርዝር ነው።

“ክርስትና ስሟን አላውቀውም” አለች።

“ቄሱ ባይቀበሉትስ?”

“እነግራቸዋለሁ። ያሳደገችኝ ናት እላቸዋለሁ።”

እስክሪብቶ ተቀብላኝ ከላይ፣ ከአባቷ ስም በፊት፣ ‘ቢፍቱ’ ብላ ጻፈች።