አረቄ ያወረደው ስኳር

አዛናውን የማያውቅ የቁሐር ሚካኤል ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት የተወለደ ነው ወይ ጆሮው አይሰማም። ሩዙን ከሁሉ ቀድሞ ያጭዳል፣ ወሬውንም እንደዚያው። ከሁለት ዓመት በፊት የስኳር በሽታ ሲገኝበት እንኳ ዜናውን ለሰፈሩ ያዳረሰው ራሱ ነው። ቀድሞኝ በማውራቱ እስከ ዛሬ ተቀይሜዋለሁ።

ሚስቱ ይርገዱ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰላም የላትም። የመርፌውን መድኃኒት እንዳይሞቅ ብላ እርጥብ አሸዋ በሞላ ማሰሮ ውስጥ አስቀምጣ እንደ አራስ ትጠብቀዋለች። ስኳርም ሆነ ማር ከቤቷ ጠራርጋ አወጣች።

ባለፈው ጥቅምት አዛናው ለሕክምና ቀጠሮው ወረታ ጤና ጣቢያ ሲወርድ፣ እህል ሳይቀምስ አረቄ ሻጯ ካሳነሽ ቤት ጎራ ብሎ ሦስት መለኪያ ገለበጠ። ነርሷ ጣቱን ወግታ ስትለካው፣ ባለፈው ወር ሦስት መቶን ያለፈው ስኳር ዘጠና ሆኖ ተገኘ።

"ጎሽ አባባ! ምን አድርገው ነው?"

"ተጠንቅቄ ነዋ" አላት፣ አፉን በጋቢው ሸፍኖ።

ከዚያማ መንደር ገብቶ ለእኔ ብቻ በሹክሹክታ ነገረኝ፤ ለሌላውም ሁሉ እንዲሁ "ለአንተ ብቻ" እያለ። "መድኃኒቱን አገኘሁት! መራራው ጣፋጩን ያባርረዋል።"

"እንዲያ ከሆነ ነርሷ ለምን አላዘዘችልህም?" አለች ይርገዱ።

"ሰው ሁሉ ከዳነ ማንን ልትወጋ ነው?"

እሷ አልሳቀችም። ከዚያ ወዲያ ሲተነፍስ ሁሉ ታዳምጠው ጀመር።

ኅዳር ሲገባ ለሩዝ አጨዳው ደቦ ጠራ። ጠዋት መርፌውን ተወጋ። ቁርሱን ግን "ሰው ማሳ ላይ እየጠበቀኝ ቁጭ ብዬ ልብላ?" ብሎ ትቶት ወጣ። ማሳው ዳር የጠበቀው የካሳነሽ ጠርሙስ ነበር።

ረፋዱ ላይ መንገዳገድ ጀመረ። ሸሚዙ በላብ ራሰ። ማጭዱን ይዞ የቆመውን ሩዝ ትቶ የታጨደውን መልሶ ያጭዳል።

"አዛናው፣ ሩዙ ሁለት ሁለት ሆኖ ታየህ እንዴ?" አለ ጎረቤቱ ዘመነ። ሳቅን። ከሁሉ ጮክ ብዬ የሳቅሁት እኔ ነኝ። ተኝቶ ይለፍለት ብለን በክምሩ ጥላ ሥር አጋደምነው።

ይርገዱ ምሳ ተሸክማ ስትደርስ ግንባሩን ዳሰሰችው። እንደ ጉድጓድ ውሃ ይቀዘቅዛል።

"አዛናው፣ እኔ ማን ነኝ? ስሜን ጥራ!"

"ቡሬ" አላት። ቡሬ በሬው ነው።

ዳግመኛ ልንስቅ ስንል ፊቷን አየነው። "ይሄ ስካር ብቻ አይደለም! ስኳሩ ወርዷል! ነርሷ ምልክቱን ነግራኛለች። ጣፋጭ አምጡልኝ!"

ዘመነ ክንዷን ያዘ። "ለስኳር በሽተኛ ጣፋጭ? አንቺ ሴት፣ ልትገድይው ነው?"

"ልቀቀኝ! መዋጥ ካቃተው አልቆለታል!"

ቤቷ ስኳር የለ፤ ራሷ ናት የጠረገችው። ለሻይ ብላ ስኳር የምታስቀምጠው ካሳነሽ ነበረች። እኔ ሮጥኩ። ለወሬ ካልሆነ በቀር እንዲያ ሮጬ አላውቅም።

ይርገዱ ስኳሩን በውሃ በጥብጣ ጥቂት በጥቂት አጠጣችው፤ ደግነቱ ገና ይውጥ ነበር። ስንቱን ቅዱስ እንደጠራሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ቆይቶ ቆይቶ ዓይኑን ገለጠና "ይርገዱ፣ ምን ሆንሽ?" አላት። ያኔ ነው እሷ ያለቀሰችው። እንጀራ አጉርሳው በባጃጅ ወረታ ወሰድነው።

ነርሷ ጉዱን ስትሰማ ራሷን ያዘች። "ሆድ ባዶ ሲሆን ጉበት ያጠራቀመውን ስኳር ለደም ይለቃል። አረቄ ከገባ ግን ጉበት በእሱ ይጠመድና ስኳሩን አይለቅም። መርፌው ደግሞ ማውረዱን አይተውም። ያ ዘጠናም ቁልቁል እየሄደ ነበር፣ አባባ! አሁንም ተመልሶ ሊወርድ ስለሚችል እስከ ነገ እዚሁ ነዎት።"



አሁን በኪሱ የተቋጠረ ስኳር አይለየውም። ይርገዱም ላብ ባየችበት ቁጥር "ስሜ ማነው?" ትለዋለች። አንድ ቀን ሊያስቃት ብሎ "ቡሬ" አላት። የያዘችው የውሃ ጀሪካን ከእጇ ወደቀ፤ ፈጥና ከኪሱ የስኳሩን ቋጠሮ አውጥታ ትፈታ ጀመር። ከዚያን ቀን ወዲህ፣ ቀልደኛው አዛናው፣ ስሟን ስትጠይቀው ቀና ብሎ አይቷት ይጠራዋል።