ቀዩ ክር ያለቀበት ስጋጃ

የታሰርኩበት ክፍል የመኪና ጋራዥ ነበር። ቦሌ ውስጥ ከአንድ ሀብታም የተወረሰ ቪላ ነው፤ ቀበሌዎቹን የሚያስተዳድረው ከፍተኛ እስር ቤት አድርጎት ወንዶቹን ሳሎን፣ እኛን ሴቶቹን ጋራዥ ውስጥ አጎረን። ሲሚንቶው ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል። አውሮፕላን በላያችን ባለፈ ቁጥር የቆርቆሮው በር ይንቀጠቀጣል። አብዮት ጠባቂዎቹ ሃያ ሁለት አካባቢ ከነበረችው የስጋጃ መሥሪያዬ የወሰዱኝ ድር እየወጠርኩ ሳለ ነው። ምን አጠፋሁ ብዬ ብጠይቅ ራስሽ ታውቂዋለሽ አሉኝ። አላውቅም ነበር።

ያወቅኩት በማግስቱ ጠዋት መርማሪው ፊት ስቀርብ ነው። ጠረጴዛው ላይ አንድ ስጋጃ ተዘርግቷል፤ እኔው የሠራሁት። የሰፈራችን አስተማሪ ለሳሎኑ ከእኔ ገዝቶት ነበር። አስተማሪው ሲፈለግ ጠፋ፣ ቤቱ ሲፈተሽ ስጋጃው ተገኘ። መርማሪው ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ወጣት ነው። ስጋጃው ካርታ እንደሆነ ደርሰንበታል አለኝ።

ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት።

ቀዮቹን ጥለቶች በእርሳሱ ጫፍ እየነካካ መደበቂያ ቤቶች ናቸው አለ። ጥቁሩ መስመር መንገዱ ነው። ጠርዙ ላይ ያለው ጥለት ለምን ግማሽ ብቻ እንደሆነ ጠየቀኝ። ስፋቱ አልበቃኝም አልኩት። ከዚያ ቀዩ መሃል ላይ ወደ ቡናማ የተለወጠበትን ቦታ አሳየኝ።

«እዚህ ጋ ምን አለ?»

«ቀዩ ክር አለቀብኝ።»

«ክር አለቀብኝ» ብሎ ደገመው፣ የምስጢር ቃል የነገርኩት ይመስል።

እስከ ቀትር እዚያው ነበርን። የበግ ፀጉር እንዴት እንደሚፈተል፣ ቀለሙ እንዴት እንደሚነከር፣ ሌላ ቀን የተነከረ ቀይ ከመጀመሪያው ጋር እንደማይገጥም አንድ በአንድ አስረዳሁት። ራሱን እየነቀነቀ ያዳምጥና ስጨርስ አሁን ደግሞ እውነቱን ንገሪኝ ይለኛል። ዱላ እፈራ ነበር። ያን ቀን ግን ከፍርሃቱ ይልቅ ያንገበገበኝ ድርቅናው ነው።

በመጨረሻ ስጋጃውን ፍቺው አለኝ፤ ማጉ ውስጥ የተሸሸገ ነገር ይኖራል ብሎ። መሬት ላይ ተቀምጬ ክረምቱን ሙሉ የለፋሁበትን ስጋጃ ማጉን እየመዘዝኩ አፈረስኩት። የወጣው የበግ ፀጉር ብቻ ነው። ያኔ ወንበሩን አስጠጋ። አስተማሪው ካርታ አሠርቶኛል ብዬ ቃሌን ከሰጠሁ ዛሬውኑ ቤቴ እንደምገባ ነገረኝ። የአስተማሪው ሚስት እኔው ያለሁበት ጋራዥ ውስጥ ነው የታሰረችው። ባሏ አልተያዘም፤ የእኔ ቃል መጀመሪያ የሚያርፈው እሷ ላይ ነበር።

«ጥለቱን የመረጥኩት እኔ ነኝ» አልኩት። «እሱ የመጣው ስጋጃው ካለቀ በኋላ ነው። አይቶ ወደደው፣ ገዛው። ሌላ የምለው የለኝም።»

«ነገም ይህንኑ ነው የምትይው?»

«ነገም።»

ይህን ቆሻሻ ከፊቴ አንሺ አለኝ። ወዴት እንደምወስደው ስላልነገረኝ ክሩን በነጠላዬ ቋጥሬ ወደ ጋራዡ ይዤው ገባሁ። ዘበኛው ምን እንደሚል ግራ ገብቶት አሳለፈኝ። ሴቶቹ ጫፍ ጫፉን እየያዙልኝ በጣቴ ጎነጎንኩና ለአስተማሪው ሚስት መተኛ አበጀሁላት። ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ሲሚንቶው ወገቧን ጨርሶታል።

«አንቺስ እህቴ፣ ምን ላይ ልትተኚ ነው?» አለችኝ።

ሥራ አታስፈቺኝ አልኳት።

መርማሪው ከዚያም በኋላ እየጠራ ያንኑ ጠየቀኝ፣ ያንኑ መለስኩለት። አንድ ቀን ያለምንም ማብራሪያ ሂጂ ተባልኩ። እሷ የተፈታችው ከወለደች በኋላ ነው።

ደርግ ከወደቀ በኋላ አስተማሪው ከሱዳን ተመለሰና ሚስቱንና ልጁን ይዞ ሳሊተ ምሕረት ያለው ቤቴ መጣ። እኔ በተያዝኩበት ሳምንት ድንበር ተሻግሮ እንደነበር የሰማሁት ያኔ ነው። ለእኔ ብለሽ ተሠቃየሽ እያለ እግሬ ላይ ሊወድቅ ሲል ተቆጣሁት። እስከ ዛሬም ሰው ይህን ታሪክ አንሥቶ ጀግና ሲያደርገኝ እናደዳለሁ። ፈሪ ነበርኩ፤ ካርታ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ካርታ ነው እል ነበር።

ካርታ አልነበረም።