ጥፋተኛው ኢንዛይም ነው

አዲስ አበባ ያለው ሐኪም የደም ካንሰር እንዳለብኝ ሲነግረኝ፣ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ገበያ ጋቢ የምትሸጥ ሴት ናት፣ አይገባትም ብሎ አላለፈኝም። ሴሎቻችን ምግብን ወደ ጉልበት የሚቀይሩባቸው ኢንዛይሞች አሉ፤ አንዱ በእኔ መቅኔ ውስጥ ተበላሽቷል አለኝ። ተበላሽቶም አርፎ አልተቀመጠም፤ የማይፈለግ ነገር እያመረተ የደም ሴሎቼን እንዳይጎለምሱ አግዷቸዋል። ከውጭ በስንት ልመና የተገኘልኝ ኪኒን ያንን ኢንዛይም ለይቶ ይይዘዋል፤ ያኔ ሴሎቹ መጎልመስ ይጀምራሉ። ማን አበላሸው ብዬ ጠየቅሁት።

«ማንም። በዘርም የመጣ አይደለም። በዕድሜ ውስጥ በራሱ የሚፈጠር ስህተት ነው» አለኝ። ይህን መልስ ይዤ ወደ አርባ ምንጭ ተመለስኩ።

ዘመዶቼ ግን «ማንም» የሚባል መልስ አይዋጥላቸውም። በእነሱ አገር፣ ጨንቻ ደጋ ላይ፣ ሰው ክፉኛ ሲታመም «ጎሜ ነው» ይባላል፤ ከቤተሰቡ አንዱ ክልክል የሆነ ነገር ጥሷል ማለት ነው። ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፣ ጥፋቱ ይነገራል፣ በግ ይታረዳል። እናቴ እሁድ ከቸርች የማትቀር ሴት ናት፤ ፓስተሩ ይህን ነገር እንደማይወዱም ታውቃለች። እኔ ከቀን ወደ ቀን ስከሳ ስታይ ግን ይህንንም በር አንኳኳች። ለዚህ አልፈርድባትም።

ጨንቻ፣ አጎቴ ግቢ ተሰበሰብን። በጉ አጥሩ ሥር ታስሯል። አፌን ዘግቼ ልቀመጥ ወስኜ ነበር የሄድኩት፤ ምላሴ ግን መቼ አስችሎት ያውቃል?

«ልጄ፣ ያጠፋሽውን ተናገሪ፤ ይቀልልሻል» አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

«አባባ፣ ያጠፋው ታውቋል። ኢንዛይም ነው። መድኃኒቱም እሱኑ እየያዘው ነው።»

«እሱንስ ማን አበላሸው?»

«ማንም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። አጎቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ምን አለበት፣ የሆነ ነገር በይና እንገላገል» አለኝ። ደሜ ፈላ። በሽታው አንሶኝ ነው ያላደረግሁትን አድርጌያለሁ የምለው?

ይህን ጊዜ እናቴ ብድግ አለች። «ጥፋቱ የእኔ ነው። የቤቱ ታላቅ ሳይዘራ መዝራት ክልክል ነው፤ እኔ ግን ቀድሜ ገብስ ዘርቻለሁ።»

ሽማግሌዎቹ እፎይ አሉ። ጎሜው ተገኘ፤ አንደኛው በጉን ሊፈታ ተነሳ።

ውሸቷን ነው! እናቴ ካገባች ጀምሮ የኖረችው አርባ ምንጭ ነው፤ ገብስ የምትዘራበት መሬት ኖሯት አያውቅም። አጎቴ ይህን ከእኔ በላይ ያውቃል፤ ግን መሬት መሬቱን ያያል።

«በጉን ተዉት!» ብዬ ጮህኩ። ተነስቼ ቆምኩ። «አባባ፣ አከብርዎታለሁ። መድኃኒቱ ሊያቅተው ይችላል፤ ሐኪሙም አልደበቀኝም። ብሞት ቅበሩኝ። እናቴን ገዳዬ አድርጋችሁ ግን አትቀብሩኝም! እኔ ከሄድኩ በኋላ ይህችን ሴት ማን ነው ጥፋት የለብሽም የሚላት?»

የእናቴን እጅ ያዝኩ።

«እማ፣ ዘርተሻል?»

ወደ ሽማግሌዎቹ አየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አልዘራሁም» አለች፤ ድምጿ ከአጥሩ ማዶ ሳይሰማ አልቀረም።