የምታውቀውን ተናገር

ይህ የሆነው በሃምሳዎቹ ማለቂያ ገደማ፣ አባቴ በሞተ በሁለተኛው ዓመት፣ ከረመዷን በፊት ያለው የሸዕባን ወር ሊያልቅ ሲል ነው። እኔ ያኔ ለባል የታጨሁ ልጃገረድ ነበርኩ፤ ዛሬ የልጅ ልጅ አይቻለሁ። ግን ረመዷን በመጣ ቁጥር ያ ሰሞን ይመጣብኛል፣ በመጣብኝ ቁጥርም ቆሽቴ ያራል። ያ ሁሉ ዘመን አልፎ አልበረደልኝም፤ እንዲበርድልኝም አልፈልግም።

ቤታችን ከሚሴ ዳር፣ ወደ ጨፋ ሮቢት በሚወስደው መንገድ ላይ ነበር። በኛ አገር ሸዕባን ሲገባ ሰው ልቡን ያጥባል። ባለፈው ረመዷን ጾም የቀረበት ቀዷውን ጾሞ ያወጣል፤ የተጣላ ይታረቃል። በመጨረሻው ጁምዓ ደግሞ የቅርቡም የሩቁም ሰው ሸኹ ግቢ ተሰብስቦ ዱዓ ያደርጋል። ከዱዓው በኋላ አፉ መባባል ነው። አንዱ ይነሣና «የማውቀውንም የማላውቀውንም አፉ በሉኝ» ይላል፤ ሌላው «አፉ ብለናል፣ አንተም አፉ በለን» ይለዋል። በቃ፣ ይቅር ተባባሉ ማለት ነው። እምቢ ማለት የለም። እምቢ ያለ ሰው ቂም ይዞ ረመዷን ገባ፣ ጾሙም ረሃብ ብቻ ነው ይባላል።

አያ ሙሄ ይህን አሳምሮ ያውቃል።

አያ ሙሄ የአባቴ ወዳጅ ነበር፤ ጨፋ ረግረግ ዳር የሚኖር፣ ሣር የተረፈው ሰው። አባቴ በሕይወት ሳለ ዳለቻ የምንላትን አመድማ ላማችንን በርቢ ሰጥቶት ነበር። ርቢ ማለት ላሟን እሱ ያበላል፣ እሱ ያልባል፤ የምትወልደውን እኩል ይካፈላሉ፤ ላሟ ግን የባለቤቷ ናት። ብትሞት ጠባቂው ቆዳዋን ተሸክሞ ይመጣል። ቆዳ ካልመጣ ላሟ አልሞተችም። ይህን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል።

አባቴን በቀበርን ሰሞን አያ ሙሄ ቤታችን መጣ። እንደገና ሊያጽናናን መስሎን ነበር። ቁጭ እንኳ ሳይል «ዳለቻ ረግረግ ውስጥ ሰጥማ ቀረች፤ ቆዳዋንም ማውጣት አልቻልንም» አለ።

እናቴ ዘሀራ ቀና ብላ አየችው። «ቀንዷስ?» አለችው።

«አብሮ ሰጠመ።»

ወይ ጉድ! ሰጠመ አለ እንጂ ያየነው ነገር የለም። እናቴ ሄዳ እንዳትፈልግ ረግረጉ ማለቂያ የለው፣ በበጋ ደግሞ የአፋሩም የደጋውም ከብት እዚያው ተቀላቅሎ ይግጣል። ዳኛ ፊት እንዳታቆመው ምስክር የላትም። ሁለቱ ታናናሽ ወንድሞቼ ገና ወተት የሚያስለቅሳቸው ልጆች ነበሩ። ማታ ማታ ቂጣ በውኃ አርሳ ስታበላቸው አያታለሁ፤ ያን ሰው በልቤ እረግመው ነበር።

እንግዲህ በዚያ ጁምዓ ሸኹ ግቢ ሄድን። ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ እኛ ሴቶቹ በሌላ ወገን ዋርካው ጥላ ሥር ተቀመጥን። የአያ ሙሄ ሚስት ፋጤም ከኛ ራቅ ብላ ተቀምጣለች። እሷና እናቴ ከተዘጋጉ ቆይተዋል፤ አንድ ሰርግ ላይ እናቴ «የፋጤን ወጥ ውሻም አይቀርበው» ብላት ነበር። እናቴ አፏ አይቻልም።

ዱዓው አልቆ አሚን እንደተባለ አያ ሙሄ ነጭ ጋቢውን አስተካክሎ ተነሣ። ቀጥ ብሎ ወደ ሴቶቹ ወገን መጣና እናቴ ፊት ቆመ። ሆን ብሎ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ያ ዘሀራ! ረመዷንን በንጹሕ ልብ ልቀበለው እፈልጋለሁ። የማውቀውንም የማላውቀውንም አፉ በይኝ!»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። እኔ ገባኝ። አፉ ካለችው ዳለቻ በቃ ቀረች፤ ከእንግዲህ ስለ ላም ብትናገር «በሸዕባን አፉ ብለሽው የለም ወይ?» ይሏታል። እምቢ ካለችው ደግሞ ቂመኛ ትባላለች። ሰውዬው በዱዓ ቦታ ወጥመድ ዘርግቶ ነው የመጣው።

እናቴ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም።

«የማታውቀውን አፉ ብያለሁ» አለችው። «የምታውቀውን ተናገር።»

አያ ሙሄ ፈገግ ሊል ሞከረና አቃተው።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«አማርኛ ነው። የማታውቀውን እኔም አላውቀውም፣ አፉ ብያለሁ። የምታውቀውን ግን ስሙን ጥራና አፉ በይኝ በል። እዚሁ፣ ሰው ፊት።»

«አያችሁልኝ!» ብሎ ወደ ሰዉ ዞረ። «እኔ ለአሏህ ብዬ መጣሁ፣ እሷ ነገር ትፈልጋለች!»

ከዚያ ወዲያማ ተዉኝ። ከጎኗ የነበረችው አሮጊት ክንዷን ይዛ «ማሎ ዘሀራ፣ ማሎ፣ አፉ በይው» እያለች ትለምናታለች። አክስቴ «አታዋርጂን!» ብላ ትቆጣለች። ሸኹ ራሳቸው «ዘሀራ፣ ረመዷን ደጅ ቆሟል፤ ይህን ቃል ከቤቴ ይዘሽ አትውጪ» አሏት። አያ ሙሄን ግን «የምታውቀው ነገር አለ ወይ?» ብሎ የጠየቀ አንድ ወንድ አልተገኘም። አንድም! ያ ሁሉ ጢም፣ ያ ሁሉ ጥምጣም።

እናቴ ነጠላዋን አራግፋ ተነሣች። «እኔ ተናግሬያለሁ» አለችና እጄን ይዛ ወጣች። ስንወጣ ዘወር ብዬ ሳይ ፋጤ አንገቷን ደፍታ መሬቱን በስንጥር ትጭራለች።

ረመዷን እስኪገባ የቀሩት ቀናት የግፍ ቀናት ነበሩ። ለማፍጠሪያ፣ ለጾም መፍቻው፣ የሚሆን እህል አብረውን የሚፈጩት ጎረቤቶች ቀሩ። ውኃ ስንቀዳ ሴቶቹ ሰላምታ ይዘጉናል። አክስቴ በራፋችን ላይ ቆማ «ያንቺ ጾም ከንቱ ነው፣ ልጄንም ባል ታሳጫታለሽ» ብላ ሄደች። ልጄ የምትለው እኔን ነው። እውነትም የእጮኛዬ ቤተሰቦች «ቂመኛ ዘመድ አንፈልግም» ማለት ጀምረው ነበር። እናቴ ያን ስትሰማ ብቻ ፊቷ ጠቆረ። አፉ ትለዋለች ብዬ ፈራሁ። እሷ ግን ሰላቷን ሰግዳ፣ የቀረባትን ቀዷ ጾማ፣ ማንንም ሳትለምን ሰነበተች።

ጨረቃ በምትታይበት ምሽት እንደ ልማዱ ሰዉ ከከተማው ወጣ ብሎ ሜዳው ላይ ቆመ። ፀሐይ ገብታ ነበር፤ ሁሉም ፊቱን ወደ ምዕራብ አዙሮ ሰማይ ይፈልጋል። እኛን ራቅ አድርገውን ነው የቆሙት። አንዱ ድንገት «ያችትና!» ብሎ ጮኸ፤ «አሏሁ አክበር» የሚለው ተክቢራ ተነሣ፣ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት።

እልልታው ሳያልቅ እናቴ ክንዴን ጨመቀችኝ። ሰማዩን አይደለም የምታየው፣ መንገዱን ነው። ፋጤ በጨፋ ሮቢት በኩል በአቧራው መሀል ትመጣለች፤ ገመድ ትስባለች። ከገመዱ ጫፍ ዳለቻ! ግራ ጆሮዋ ጅብ የቆረጠው፣ ያው የኛዋ ዳለቻ፤ ከኋላዋ ደግሞ አንዲት ጊደር።

እልልታው አንድ በአንድ ጠፋ። ፋጤ ሰዉን ሰንጥቃ እናቴ ፊት ቆመች፤ ላብ አጥምቋታል።

«ላምሽ ይህችውልሽ። አልሰጠመችም። ባሌ ወንድሙ ዘንድ ደብቋት ነው የኖረው፤ ወተቷን ግን እኛ ነን የምንጠጣው። አምና አባት የሌላቸው የቲሞች ሐቅ መሆኑን እያወቅሁ አፈጠርኩበት። ዘንድሮ አላፈጥርበትም።»

እናቴ ገመዱን ተቀበለች። «ፋጤ፣ ቤቴ ግቢ፣ ውኃ እንኳ ቅመሺ» አለቻት።

«አልገባም!» አለች ፋጤ። «ላንቺ ብዬ መሰለሽ? ለጾሜ ነው። የሰደብሽኝን አልረሳሁም፤ አፉም አላልኩሽም።»

«እኔ አንቺን አፉ ብያለሁ።»

«እኔ አላልኩሽም አልኩሽ!» ብላ በመጣችበት ተመለሰች። መንገድ ላይ ሰው ሊያናግራት ሲሞክር ሰማኋት፤ «ጁምዓ ለት የት ነበራችሁ?» ነው ያለችው።

አያ ሙሄ የዚያኑ ሌሊት ከቤት አባረራት። ረመዷንን በሙሉ ሰንበቴ ወንድሞቿ ቤት ጾመች፤ ወደሱም አልተመለሰች። እሱ ግን በማግስቱ መስጊድ ከፊተኛው ሰልፍ ቆሞ ሰገደ፤ አሁንም የጠየቀው ሰው የለም። እነዚያ ውኃ ላይ የዘጉን ጎረቤቶች በሰሐን በሰሐን ቴምር ይዘው ቤታችን ጎረፉ። «ዘሀራ፣ የማናውቀውንም የምናውቀውንም አፉ በይን» ይላሉ። እናቴም ቴምሩን ሳትነካ «የማታውቁትን አፉ ብያለሁ፤ የምታውቁትን ተናገሩ» ትላቸዋለች። ተያይተው ሹልክ ይላሉ። የእጮኛዬ ቤተሰቦችም ሽማግሌ ላኩ፤ «ቂመኛ ነን፣ አንሆናችሁም» ብዬ የመለስኳቸው እኔው ራሴ ነኝ።

እናቴ በየገበያው ቀን በሰንበቴ ነጋዴ እጅ ለፋጤ በቅል ቅቤ ትልክ ነበር። ፋጤ ቅቤውን ትቀበላለች፤ ቅሉን አጥባ ትመልሳለች፤ አንድ ቃል ግን አትልክም። እናቴ እስክትሞት እንዲሁ ኖሩ። በሕይወቴ ካየሁት ዝምድና ሁሉ የማከብረው ያንን ነው።

ዛሬ ሸዕባን ሲያልቅ አፉ መባባሉ በስልክ ሆኗል። አበባና ጨረቃ የተሳለበት መልእክት ከዚህም ከዚያም ይመጣል፤ «የማውቀውንም የማላውቀውንም አፉ በሉኝ» ይላል። በምን እንዳስቀየመኝ አሳምሮ የሚያውቅ ዘመድ ሳይቀር ለሁሉም የላከውን ለኔም ይልካል። ልጆቼ «እማ፣ አፉ ብያለሁ ብለሽ መልሺና ተገላገዪ» ይሉኛል። ኤዲያ! እኔ የዘሀራ ልጅ ነኝ። የልጅ ልጄን አስቀምጬ፣ የማታውቁትን አፉ ብያለሁ፣ የምታውቁትን ተናገሩ ብለሽ ጻፊልኝ እላታለሁ።

እስካሁን የተናገረ የለም። ዘንድሮም ሸዕባን ሊያልቅ ነው፤ ስልኬን አልዘጋሁም።