የዳቦ ቤቱ ሙቀት

ባለፈው ሳምንት መቀሌ ዓዲ ሓቂ ሰፈር ካለ የሕንፃ መሣሪያ መደብር የበር ማጠፊያ ልገዛ ገብቼ፣ ሻጩ አንድ የሚያብረቀርቅ ተጣጣፊ ቱቦ አውጥቶ አሳየኝ። «አንድ ቦታ ብቻ ታሞቂያለሽ እትዬ፤ ማራገቢያው ሙቀቱን በየክፍሉ ያደርሰዋል። ወጪ ይቀንሳል፤ አዲስ ነገር ነው» አለኝ። አዲስ ነገር። ማጠፊያውን ሳልገዛ ወጣሁ። እሱ ምን አጠፋ? ምንም። እኔ ግን ደሜ ፈልቶ ነበር።

አባቴ ከወሎ መጥቶ ወደ ቁሓ በሚያወጣው መንገድ ዳር ዳቦ ቤት ከፈተ፤ እኛም የምንኖረው ከጀርባው ባሉት ክፍሎች ነበር። የመቀሌ ብርድ አታላይ ነው። ቀን ፀሐይዋን ያሳይሃል፤ ከኅዳር እስከ ጥር ገና ማዘቅዘቅ ስትጀምር ከድንጋዩ ግድግዳ ውስጥ ይወጣብሃል። ስለዚህ በየክፍሉ ከሰል እናነድ ነበር፤ አባቴም ከሰል ሻጩ በመጣ ቁጥር ያጉረመርማል። ከግድግዳው ማዶ ግን የዳቦው ምድጃ ቀኑን ሙሉ እየነደደ ሙቀቱን በጭስ ማውጫው ወደ ሰማይ ይለቀዋል። ይህ ያንገበግበኝ ነበር።

ያኔ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ተማሪ ነበርኩ። የጭስ ማውጫውን ብረት ዙሪያውን በቆርቆሮ ከበብኩት፤ በመካከላቸው የሚያልፈው ንጹሕ አየር ብቻ ነው፣ ከጭሱ ጋር አይገናኝም። ከወደቀ መኪና የተፈታ ማራገቢያ ያንን የሞቀ አየር በቱቦ እየገፋ ወደ መኝታ ክፍሎቻችን ይነፋዋል። ሠራ። ክፍሎቹ ሞቁ፣ ትኩስ ዳቦም ሸተቱ። አባቴ ጋቢውን አውልቆ ተቀመጠና ከሰል ሻጩን «ዘንድሮ አንፈልግም፤ ልጄ ገላገለችን» ብሎ ከበር መለሰው።

ከዚያ እህቴ ሰዓዳ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ እንደ ወጉ ወደ እናቷ ቤት መጣች። ሴት ልጅ ወለደች። ጎረቤታችን አደይ ለተብርሃን መሃሉ ላይ ቅቤ የቀለጠበት ገዓት ይዘው ሊጠይቋት ገቡ። የገንፎው ጣዕም እስካሁን አፌ ላይ አለ። ከግድግዳው በሚወጣው አየር ፊት እጃቸውን ዘረጉና ፊታቸው ተለወጠ።

«ዋይ ጓለይ፣ ልጄ፣ ይሄ ንፋስ አይደል እንዴ? አራስ ንፋስ ይመታታል።»

«ሙቅ ነው እኮ አደይ።»

«ሙቅም ቢሆን ይነፍሳል።»

እናቴ ሁለተኛ ቃል አልጠበቀችም። ቀዳዳውን በአሮጌ ብርድ ልብስ ወተፈችው፣ የበሩንና የመስኮቱን ስንጥቅ በጨርቅ ደፈነችው፣ የከሰል ምድጃውንም ከአልጋው አጠገብ አኖረችው። እኔ እነቅላለሁ፣ እሷ ትወትፋለች። ቀትር ላይ ላብ በላብ በሆንንበት ታክሲ ውስጥ እንኳ መስኮት ቢከፈት ከኋላ «ዝጋው» የሚል አይጠፋም። ሰዎቻችን ንፋስን የፈሩትን ያህል የከሰልን ጭስ ቢፈሩ ስንቱ በተረፈ ነበር።

አንድ ከሰዓት ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤቱ ጭር ብሏል። እናቴ ዳቦ ቤት ደንበኛ ታስተናግዳለች። የሰዓዳን በር ስገፋው ከሥሩ የተወተፈው ጨርቅ ያዘው፤ በትከሻዬ ከፈትኩት። እህቴ ዓይኗ ገርበብ፣ አፏም ከፈት ብሏል። ሕፃኗ ክንዷ ላይ ዝላለች። አጠገባቸው ፍሙ ይግላል። ሕፃኗን አውጥቼ ግቢው ውስጥ አስተኛኋት፤ ተመልሼም ሰዓዳን በብብቷ ይዤ ጎተትኳት።

እናቴ ሮጣ መጣችና «ንፋስ ላይ? ልትገድያት ነው?» እያለች ጋቢ በሰዓዳ ፊት ላይ ጣለች። ገፈተርኳት። እናቴን ገፈተርኳት፤ እስከ ዛሬም አልጸጸትበትም። ጋቢውን ገፍፌ ጣልኩት። ሕፃኗ አለቀሰች፣ ቀጥሎ ሰዓዳ አስመለሳት።

ጤና ጣቢያ ስናደርሳቸው ነርሷ ገና እንዳየቻቸው «የከሰል ጭስ ነው፤ ትንሽ ቢቆዩ ኖሮ ሁለቱንም ታጧቸው ነበር» አለች። እናቴ «እሺ፣ እሺ» አለች። ቤት ስንመለስ ግን ለመጣው ጠያቂ ሁሉ «ልጄን ንፋስ መታብኝ፤ ያ ቱቦ ነው» ትል ጀመር። አባቴም ቱቦውን ነቅሎ ለቁርጥራጭ ብረት ሰብሳቢ ሰጠው። ነርሷ ያለችውን ብነግረው «አርፈሽ ተቀመጪ፤ ፈጠራሽ በቃን» አለኝ። በሳምንቱ ከሰል ሻጩ ተመለሰ።

ያቺ ሕፃን ሐያት ትባላለች። ባለፈው ወር እሷም ወለደች። ልጠይቃት ስሄድ በሩ ሥር ጨርቅ ተወትፏል፤ ሰዓዳ የከሰል ምድጃ ወደ ልጇ አልጋ ታስጠጋለች። ምን እያደረግሽ ነው አልኳት።

«እኔን ንፋስ ሊገድለኝ ነበር፤ አንቺው ታውቂያለሽ» አለችኝ።

በእጄ የጎተትኳት እህቴ ምን ሊገድላት እንደነበር ዛሬም አታውቅም። እንግዳ በሞላበት ጮህኩባት። ምድጃውንም አንስቼ ግቢ አወጣሁት። ሰዓዳ ከዚያ ወዲህ አታናግረኝም።

በማግስቱ ሐያት ደወለችልኝ። «አክስቴ፣ እማ ምድጃውን መልሳ አስገብታዋለች። ግን ወጣ ስትል አስወጣውና መስኮቱን እከፍታለሁ። እንዳትነግሪያት» አለችኝ በሹክሹክታ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ስልኩን የዘጋሁት ግን ተናድጄ ነው። ልጅቷ በገዛ ቤቷ ንጹሕ አየር የምታገኘው ተደብቃ ነው።