ለብ ያለ ውሃ

ትምህርት ቤት ያልገባሁት እጄ ትኩስ ውሃ ይችላል ተብሎ ነው። ድህነት አይደለም፣ ጦርነት አይደለም፣ ስንፍናም አይደለም። የከለከለኝ አባቴ ነው፤ ምክንያቱም ይኸው ነው።

ነገሩን ያስነሳብኝ አንድ ፀጉር አስተካካይ ነው። በቀደም እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ጢሜን ልላጭ ገባሁ። ልጁ ላጭቶ ሲጨርስ ፎጣ በትኩስ ውሃ ነክሮ፣ ጨምቆ፣ ፊቴ ላይ ጣል አደረገልኝ። የእርጥብ ጥጥ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ካቃጠለህ ንገረኝ» አለኝ። ድሬ ላይ ትልቁም ትንሹም አንተ ነው፤ በሱ አልተቀየምኩም። ግን ፀጉሬ ሸብቷል፣ «ካቃጠለህ ንገረኝ» የሚል ቃል ከሰው አፍ የሰማሁት ገና ያን ቀን ነው። ፎጣውን ከፊቴ አንስቼ ሂሳቤን ከፍዬ ወጣሁ።

አባቴ ባቡር ጋራዥ ውስጥ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። አንድ ቀን ከባድ ብረት ሲያነሳ ወገቡ ቀጭ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ወገብ አልሆነውም። መርፌውም ክኒኑም አልሠራለትም። የሠራለት ትኩስ ፎጣ ብቻ ነው።

አሠራሩን ልንገርህ። ውሃው ከሰል ላይ ይጣዳል፣ እፍኝ ጨው ይጨመርበታል። ሲፈላ ሳፋ ውስጥ ይገለበጥና ወፍራም ፎጣ ይነከርበታል። ዋናው ነገር መጭመቁ ነው። በደንብ ያልተጨመቀ ፎጣ ይንጠባጠብና ቆዳ ይልጣል። እስከ መጨረሻው ከተጨመቀ ግን እንፋሎቱ ብቻ ይቀራል፤ ሙቀቱ አጥንት ድረስ ይገባል እንጂ ጀርባ አያቃጥልም። አጥፈህ ወገቡ ላይ ትዘረጋዋለህ፣ በላዩ ላስቲክ ታለብሰዋለህ፣ ሲበርድ ደግሞ እንደገና። የአባቴ ጀርባ አንድም ቀን አልተላጠም። የተላጠው ሌላ ነው።

መጀመሪያ የታዘዘችው ታላቅ እህቴ ነበረች። እጇን ነከር አድርጋ፣ «እሳት ነው!» ብላ ፎጣውን ግድግዳ ላይ ወረወረችው። እኔ አነሳሁት። መልሼ ነከርኩት፣ ጨመቅኩት። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ አልጮህኩም። አባቴ ከትራሱ ቀና ብሎ፣ «አየሽ? ይኸውልሽ የቀጥቃጭ ልጅ!» አላት። ከዚያ በፊት አመስግኖኝ አያውቅም። በዚያች ቃል ተሸጥኩ።

መስከረም ሲጠባ ለእህቴ ደብተር ተገዛላት። ለኔ አዲስ ፎጣ ተገዛልኝ።

የጠዋቱ ፈረቃ ተማሪ ሲገባ እኔ እጨምቃለሁ፤ የጋራዡ ፊሽካ ሳይነፋ አባቴ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። የከሰዓቱ ሲገባም እጨምቃለሁ፤ ለምሳ ሲመጣ ተጣጥፎ ነው የሚመጣው። እናቴ ቀፊራ ገበያ ሽንኩርት ትሸጥ ነበር፤ ሳይነጋ ወጥታ ሲመሽ ትገባለች። የድሬን ቀትር ታውቀዋለህ። ከላይ ቆርቆሮው፣ ከታች ከሰሉ፣ መሃል ላይ እኔና እንፋሎቱ። ከመንገድ የተማሪዎች ጫጫታ ይሰማኛል።

ቢሆንም ቂም የያዝኩት በፎጣው አልነበረም። አባቴ ሁልጊዜ ቀድሞ የራሱን እጅ ሳፋው ውስጥ ይከታል። እስከ አንጓው ከትቶ ውሃውን ያማስለውና፣ «ለብ ያለ ነው፤ ያዘው» ይለኛል። እኔ ስከተው ነፍሴ ልትወጣ ትደርሳለች። ስለዚህ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ ይዋሸኛል፣ እያወቀ ነው የሚቀቅለኝ ብዬ ደመደምኩ። ያደግኩት ይህን ይዤ ነው።

አንድ ቀን ከመጋላ ሰፈር የሚሸጥ ጨርቅ ይዛ የመጣች የሶማሌ ነጋዴ እጄን አየች።

«ዋሪያ፣ አንተ ሰውዬ! ይሄ ልጅ እጁ በስሏል እኮ!»

«ተይው አቦ፣ ለብ ያለ ነው» አለ አባቴ፤ እጁን ከትቶም አሳያት።

«ያንተም እጅ ሆኖ ነው? አካፋ ነው አቦ!»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። አባቴም ወገቡን ይዞ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። እውነቱን ነግራን ሄደች፤ የሰማት ግን አልነበረም።

ፊደል የቆጠርኩት ልጅ ከወለድኩ በኋላ፣ የማታ ተማሪ ሆኜ ነው። የጣቶቼ ቆዳ ደድሮ እስክሪብቶ መያዜ እንኳ አይሰማኝም። ወይ ወረቀቱን እቀድዳለሁ፣ ወይ እስክሪብቶው ይወድቃል። ልጄ የምትሆን አስተማሪ፣ «ጋሼ ቀስ፣ ዶማ አይደለም እኮ» ስትለኝ ክፍሉ ሳቀ። እኔ በልቤ አባቴን ረገምኩ።

ከዚያ ባቡሩ ቆመ፣ ጋራዡ ዛገ፣ አባቴ ቤት ዋለ። እናቴ ሞተች። እህቴ ባሏን ተከትላ ጅግጅጋ ገባች። ወገቡ ግን የትም አልሄደም። ያው ሳፋ፣ ያው ጨው፣ ያው እኔ። ሲሚንቶ ልሸከም ከመሄዴ በፊት ጠዋት ጠዋት እየመጣሁ እጨምቅለት ነበር። አንነጋገርም።

አንድ ጠዋት እንደ ልማዴ ሳፋውን አልጋው አጠገብ አስቀመጥኩ። ድሮ እንደሚያደርገው እጁን ሰደደ። ወዲያው መንጭቆ አወጣው።

«ምነው! ልትቀቅለኝ ነው?»

«ያው የድሮው ውሃ ነው፣ አባዬ።»

እጁን አገላብጦ አየው። መዶሻ ከጣለ ስንት ዘመኑ፤ መዳፉ እንደ አራስ ልጅ ለስልሶ ነበር፣ አሁን ደግሞ ቀልቷል። ከዚያ የኔን እጅ አየ።

«ያኔም እንዲህ ነበር?» አለኝ።

«ያኔም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

ያኔ ነው የገባኝ፤ ዋሽቶኝ አያውቅም። ለዚያ የቀጥቃጭ እጁ ውሃው እውነትም ለብ ያለ ነበር። ዕድሜዬን በሙሉ የተሸከምኩት ቂም የሚያርፍበት ቦታ አጣ።

«ውሃውን ድፋው» አለኝ።

«ወገብህስ?»

«ድፋው አልኩህ አቦ።»

ከዚያ ወዲያ ፎጣ አላስነካም። ሲገላበጥ ጥርሱን ነክሶ ያቃስታል። እኔ ማንንም ለምኜ የማላውቅ ሰው ለመንኩት። «አባዬ፣ እጄ ደድሯል፣ አሁን ምንም አይሰማኝም» ስለው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

«አንተን ባይሰማህ እኔን ይሰማኛል።»

ከነሕመሙ ሞተ።

ይቅርታ ጠይቆሃል ወይ የሚለኝ አለ። አልጠየቀኝም። ውሃውን ግን፣ ድፋው ባለኝ ጊዜ አውጥቼ ግቢው ውስጥ ካለችው የኒም ዛፍ ስር ደፋሁት። መሬቱ ጠጥቶት እንፋሎቱ እስኪጠፋ ቆሜ አየሁ። ኅዳር አሥራ አራት ቀን፣ ሐሙስ ጠዋት ነበር።