ለአንድ እጅ የሚሆን ዘንግ

የዓሣ ክር ከመግዛት በፊት ውሃውን ማየት ያስፈልጋል። ሮቢ ወንዝ በክረምት ደፍርሶ ሲወርድ ወፍራም ክር ይበቃል፤ በዚያ ጭቃ ውስጥ ዓሣው ምንም አያይም፣ የሚያዘውም አምባዛ ነው። ጥቅምት ገብቶ ውሃው ሲጠራ ግን ያንኑ ክር ይዞ መሄድ ከንቱ ልፋት ነው። ነጩ ዓሣ ተጠራጣሪ ነው። ክሩን ካየ ትሉን ሁለት ሦስት ጊዜ ዞሮት ጥሎት ይሄዳል። ይህን ያስተማሩኝ ጋሼ እያልኩ የምጠራቸው ጎረቤቴ ናቸው።

ጋሼ ሸዋ ሮቢት ውስጥ ማሾ ሲገዙና ሲሸጡ የኖሩ ነጋዴ ናቸው። እኔ የመስኖ ፓምፕ እጠግናለሁ። እሑድ እሑድ እኔ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ፣ ከከተማው በታች ወንዙ ሰፋ ብሎ ወደሚተኛበት ኩሬ አብረን እንወርዳለን። እሳቸው ሙስሊም ናቸው፣ እኔ ክርስቲያን። በሠርግም በለቅሶም አንዳችን ካንዳችን ቤት አንጠፋም፤ ነገሩ ሥጋ ላይ ሲደርስ ግን ሙስሊም ያረደውን እኔ፣ ክርስቲያን ያረደውን እሳቸው አንቀምስም። ዓሣ አይታረድም። ስለዚህ ከአንድ ትሪ ላይ አብረን የምንበላው ሥጋ ዓሣ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ነጩ ነው፤ አምባዛ ቅርፊት ስለሌለው እኔ አልነካውም፣ ከተያዘም እሳቸው ወደ ቤታቸው ይወስዱታል። እንግዲህ የክር ውፍረት ለኛ የምሳ ጉዳይ ነበር።

ጋሼ ዘንግ ይዘው አያውቁም ነበር። ክራቸውን ባዶ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ላይ ይጠመጥሙታል፣ ከኔ ሱቅ የለቀሙትን ዳዶ ለክብደት ያስሩበታል፣ ከዚያ በእጃቸው አሽከርክረው ይወረውራሉ። ክሩን በቀኝ ሌባ ጣታቸው ላይ አሳልፈው ዝም ብለው ይቀመጣሉ። "አሁን እያሸተተው ነው" ይሉኛል። ትንሽ ቆይተው "አሁን ከንፈሩ ላይ ነው" ይላሉ። መጀመሪያ ሰሞን የሚያሾፉብኝ ይመስለኝ ነበር፤ ያሉት ግን ይሆናል። የማሾን እርጥበት የሚለዩትም በዚያው ጣት ነበር። ዘንግ የያዘ ሰው ሲያዩ "ይሄ ሰውዬ ሰላምታም በዱላ ነው የሚሰጠው" እያሉ ይስቁበታል።

ባለፈው ክረምት ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን መታቸው። እግራቸው ቀስ በቀስ ተመለሰ። ንግግራቸውም ተመለሰ፣ ያውም ከነተረቡ። ቀኝ እጃቸው ግን ጣቶቹ እንደታጠፉ ቀረ። ጥቅምት ሲገባ "ጋሼ፣ ውሃው ጠርቷል" ብዬ ብጠራቸው "ሂድ አንተ፣ እኔ ጣት የለኝም" አሉኝ።

ሦስት እሑድ ብቻዬን ሄድኩ። ዓሣ ያዝኩ፣ ጠበስኩ፣ ብቻዬን ተቀምጬ በላሁ። አልጣመኝም። ናፍቀውኝ ነበር፤ እሳቸውም ቤት ተቀምጠው እየከሱ ነበር። ሥራዬ የተበላሸ ነገር መጠገን ስለሆነ ይሄንንም እንደ ፓምፕ አየሁት። ጣት ካልሠራ በጣት ፈንታ የሚሠራ ነገር መፈለግ ነው። ጋሼን ወደ ወንዙ ሳልመልስ እንደማልቀር ለራሴ ነገርኩት።

መጀመሪያ ደብረ ሲና ወጥቼ ሁለት ቀርከሃ ገዛሁ። ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ አስሬ ሳወርዳቸው ረዳቱ "ድንኳን ልትተክል ነው?" አለኝ። ቀርከሃ እርጥቡን አይሠራም፤ ጫፉ ላይ ድንጋይ አንጠልጥዬ ጥላ ውስጥ አደረቅኩትና የተሻለውን መረጥኩ። ክሩ የሚታሰረው ጫፉ ላይ ስለሆነ ክር የሚጠቀለልበት መጠቅለያ አያስፈልገውም። ችግሩም እዚያው ላይ ነው። ትልቅ ዓሣ ሲይዝ የሚለቀቅለት ክር የለም፤ ዘንጉን በሁለት እጅ ይዞ መታገል ነው። ይህን የተረዳሁት አንድ ነጭ ዓሣ ክሬን በጥሶ ከነመንጠቆው ከሄደ በኋላ ነው። ቀርከሃው አሁን የልብስ ማስጫ ነው።

ቀጥሎ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ተሰቅሎ የማውቀውን ዘንግ አወረድኩ። እዚህ አካባቢ የባቡር ሐዲድ ሲሠሩ ከነበሩ የውጭ አገር ሰዎች አንዱ ጥሎት የሄደ ነው ይባላል። ሰውየው የለመደው ባሕር መሆን አለበት። ዘንጉ ከኔ ቁመት በላይ ነው፣ አልታጠፍም ያለ ነው፤ መጠቅለያው አንድ ጎመን ያህላል፤ ክሩም ተገምዶ የተሠራ፣ በግ የሚያስር ነው። ወንዝ ወርጄ በሙሉ ጉልበቴ ወረወርኩት። ዳዶው ኩሬውን ተሻግሮ፣ ማዶውን ተሻግሮ፣ የሽንኩርት ማሳ ውስጥ ገባ። ሽንኩርቷን ስትኮተኩት የነበረች ሴት ቀና ብላ አየችኝ።

"አንተ ሰውዬ፣ ሽንኩርት ከፈለግህ እኮ ገበያ አለልህ!" አለችኝ።

መንጠቆውን ከሽንኩርቱ አላቅቃ እየሳቀች ወደ ውሃው መለሰችልኝ። ዘንግ በወንዙ ልክ መሆን አለበት። የኛ ኩሬ ድንጋይ ቢወረውሩት የሚሻገረው ነው፤ ለሱ ረጅምና ደረቅ ዘንግ ምን ያደርጋል? ደረቅ ዘንግ ደግሞ ቀጭን ክር ይበጥሳል፣ የነጩን ዓሣ ስስ ከንፈርም ይቀድዳል። ጫፉ መለስለስ አለበት፤ ዓሣው ሲፈራገጥ ጉልበቱን የሚቀበልለት እሱ ነው።

ሦስተኛውን በጥንቃቄ ሄድኩበት። ወደ አዲስ አበባ የሚመላለስ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር አውቃለሁ። ለሱ ወረቀት ላይ ጻፍኩለት፦ ዘንጉ አጭር፣ ጫፉ ልስልስ፤ መጠቅለያው ትንሽ፣ እጀታው በግራም በቀኝም የሚገባ፤ ክሩ ቀጭን፣ ቀለም የሌለው። መርካቶ ተሟሙቶ አገኘልኝ። የእጀታውን ብሎን ፈትቼ ወደ ግራ አዞርኩት። ከመጠቅለያው ፊት አንዲት ትንሽ ቁልፍ አለች፤ ስትጠብቅ ክሩን ትይዛለች፣ ስትላላ ዓሣው ሲጎትት ክር ትለቅለታለች። የሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን በሉት። ጣት የሚያውቀውን መያዝና መልቀቅ ይቺ ቁልፍ ታውቀዋለች። በመጨረሻ ከፓምፕ ቱቦ ስንዝር ተኩል ቆርጬ ቀበቶ ላይ የሚታሰር ማኅደር ሠራሁ። የዘንጉ እግር እሱ ውስጥ ይቆማል፣ የታመመው ክንድ ደገፍ ያደርገዋል፣ ግራ እጅ ያጠነጥናል። በሕይወቴ ከሠራኋቸው ነገሮች ሁሉ እንደዚያ የኮራሁበት ያለ አይመስለኝም።

ጋሼ ግቢያቸው ውስጥ ቀበቶውን አስታጠቅኳቸው። ዓሣው እኔ ሆንኩ። የክሩን ጫፍ ወገቤ ላይ አስሬ ግቢውን ዞርኩት፣ ወደ በሩ ሮጥኩ፣ ከውሃ በርሜሉ ጀርባ ገባሁ። መጠቅለያው እየጮኸ ክር ለቀቀ፤ ስደክም እሳቸው በግራቸው አጠነጠኑ። እግራቸው ሥር ድረስ አመጡኝ።

"ወላሂ፣ ይሄስ አምባዛ ነው፤ ጢሙን አታዩትም!" ብለው ለሚስታቸው ጮኹ።

ከታመሙ ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው። እኔም እያለከለክሁ "በቃ፣ እሑድ እንወርዳለን አይደል?" አልኳቸው። ሳቁ ከፊታቸው ጠፋ።

"ኢንሻአላህ፣ ሌላ ጊዜ" አሉኝና ቀበቶውን መፍታት ጀመሩ።

ተናደድኩ። ደብረ ሲና የወጣሁት፣ ሽንኩርት ውስጥ የተዋረድኩት፣ ሾፌሩን የለመንኩት ለማን ነው? ዘንጉን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ደህና ዋሉ እንኳ በቅጡ ሳልል ወጣሁ። ሚስታቸው፣ እትዬ የምላቸው፣ በሩ ላይ ደረሱብኝ።

"አትቀየም" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ዘንጉን ጠልተው አይደለም። ካንተ ጋር ሲወርዱ ዓሣውን ከትሪ ላይ አብራችሁ አይደል የምትበሉት?"

"አዎ።"

"ከታመሙ ወዲህ ሰው ፊት በልተው አያውቁም። እኔም ፊት አይበሉም። ምግቡን አስቀምጬላቸው እወጣለሁ፤ ወደ ግድግዳው ዞረው በግራቸው ይበላሉ። ልጆቹን በግራ አትብሉ እያሉ እጃቸውን እየመቱ ያሳደጉ ሰው ናቸው እኮ!"

አፈርኩ። አንድ ወር ሙሉ የዘንግ ርዝመት ስለካ፣ የክር ውፍረት ሳማርጥ፣ እኚህ ሰው የሸሹት ወንዙን ሳይሆን ትሪውን መሆኑን አላየሁም። እጁ የሚያጠምድ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ተመልሼ ገባሁና ዋሸሁ። "ጋሼ፣ ይሄ መጠቅለያ ውስጡ የሚንቋቋ ነገር አለው፤ ውሃ ላይ ሳይፈተሽ ሾፌሩ መልሶ አልወስድም ይለኛል። እሑድ ጠዋት አይተነው ቶሎ እንመለሳለን፤ ምሳ አንበላም" አልኳቸው። ምሳ የሚለውን ስጠራ ዓይናቸው ወደ ሚስታቸው ሄዶ ተመለሰ። ከዚያ "ለፍተሻ ከሆነ እሺ" አሉ።

እሑድ በባጃጅ ወረድን። ውሃው ጠርቶ የታችኛው ጠጠር ይታያል። ድንጋያቸው ላይ አስቀመጥኳቸውና የሳቸውን ዘንግ እኔ ወረወርኩላቸው፣ ከዚያ ማኅደሩ ውስጥ አቆምኩት። ለኔም ከአሮጌ ዕቃ ሻጩ ሌላ አጭር ዘንግ ተውሼ ነበር። ብዙ አልቆየንም። የጋሼ ዘንግ ጫፍ አንዴ ነቀነቀ።

"እያሸተተው ነው" አሉ።

"በምን አወቁ?"

"ቂል ነህ እንዴ? እያየሁት!"

ጫፉ ጎበጠ፣ መጠቅለያው ጮኸ። ዓሣው ወደ ማዶ ሄደ፣ ወደ ድንጋዩ ተመለሰ፤ እሳቸው ሲሄድ እየለቀቁ ሲቆም እያጠነጠኑ ጠበቁት። ልረዳ እጄን ብዘረጋ "ተወኝ!" ብለው ጮኹብኝ። ክንድ የሚያህል ነጭ ዓሣ ነበር። ከውሃው አውጥቼ መንጠቆውን ነቀልኩለት።

ዓሣውን ሳር ላይ አስቀመጥነው። ምሳ አንበላም ብያለሁ። ኪሴ ውስጥ ጨው፣ ቃሪያና አንድ ሎሚ እንዳለ አልተናገርኩም። በመጨረሻ እሳቸው "ይሄ እስኪሸት ነው የምትጠብቀው? ጥበሰውና ብላ። እኔ ጠግቤ ነው የወጣሁት" አሉኝ።

ሁልጊዜ እንደማደርገው ጠብሼ፣ ከዕቃዬ ሥር ደብቄ ያመጣሁት የለመድነው ትሪ ላይ አደረግሁትና መካከላችን አስቀመጥኩ። ከዚያ የራሴን ዘንግ አንስቼ ወረወርኩ፣ በቀኝ እጄም ጥብቅ አድርጌ ያዝኩት። አማተብኩ ማለት አልችልም፣ እጄ ተይዟል። ግራ እጄን ወደ ትሪው ሰደድኩና ከጀርባው ቆርጬ ጎረስኩ።

ጋሼ አዩኝ። ሁለተኛ ጎረስኩ። እሾሁን በግራ እጅ መልቀም ይህን ያህል ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር፤ ግማሹ ጢሜ ላይ ቀረ።

"ቀኝህ ምን ሆነ?" አሉኝ።

"ዘንግ ይዤበት ነው። ከለቀቅኩት ዓሣው ያመልጠኛል።"

ከዘንጌ ጫፍ ጀምረው ክሩን በዓይናቸው ተከተሉት። እኔም ተከተልኩት። ክሩ ወደ ውሃው አልሄደም። ስወረውር ያሰብኩት ውሸቴን ስለነበር የት እንደወደቀ እንኳ አላየሁም፤ መንጠቆዬ ከጎናችን ካለው ቁጥቋጦ ላይ፣ ከነትሉ፣ ፀሐይ ይሞቃል።

ጋሼ ትሪውን በታመመው እጃቸው ጀርባ ገፋ አድርገው አዞሩት፤ ሁልጊዜ የምንሻማበት የሆዱ ሥጋ በሳቸው በኩል መጣ።

"እኔ ዑዝር አለኝ፤ መታመሜን አላህ ያያል፣ በግራም ብበላ አይቆጥርብኝም" አሉ። "አንተ ምን አለህ?"

"ምንም የለኝም፣ ጋሼ።"

"እንግዲያው ያን ዱላ አስቀምጥና በቀኝህ ብላ። አንዳችን እንኳ ሥርዓት ይኑረን።"

ቢስሚላህ ብለው ግራ እጃቸውን ወደ ትሪው ዘረጉ። እኔም ዘንጉን ሳሩ ላይ አስቀምጬ፣ አማትቤ፣ አብሬያቸው በላሁ።